የናስ ቀለሃ ፊዚክስ፦ ስናድር ዛሬም ሊጎርስ ይችላልን?

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ አጎታችን ከገጠር መጥተው በፋኩልቲው ቢሯችን ጎበኙን። የሰላምታው ነገር ካበቃ በኋላ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ነገሮች አውጥተው በጠረጴዛችን ላይ ደረደሩ። አንደኛው መቀመጫው የዛገ ብረት፣ ግድግዳው እንደ ወረቀት የሳሳ የናስ ጥቅል የሆነ አሮጌ ቀለሃ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው እንክብል እርሳስ የሚረጭ የወፍ ማደኛ ጠመንጃ የናስ ቀለሃዎች ሲሆኑ፣ አንዱ እንደተገዛ ያለ፣ ሌላው ግን በአንድ ባለእጅ እሳት ላይ ግሎ፣ ተቆርጦና ተሞርዶ የተስተካከለ ነበር።

«ይኸውልህ ልጄ፤ የአባቴ ስናድር ከአርባ ዓመት በላይ ጥይት አልጎረሰም። የወንድሜ ሙት ዓመት ሲደርስ አንድ ጊዜ እንዲጮህለት እፈልጋለሁ። ይህ አዲሱ ቀለሃ ሰተት ብሎ ገብቷል። አንተ ፊዚክስ የምታስተምር ነህና ምን ትላለህ?» አሉን።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱ የአንድ ሽማግሌ ዓይንና እጅ፣ ምናልባትም ሕይወት የሚወሰንበት በመሆኑ በግምት የሚሰጥ አልነበረም። አጎታችን ሳምንቱን ከእኛ ጋር ሰነበቱ፤ እኛም ሦስቱን ቀለሃዎች ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያገኘነውን ውጤትና ከውጤቱ በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ ለውድ አንባብያን ለማካፈል እንሞክራለን።

ስናድር ማን ነው?

እንደሚታወቀው በአማርኛችን ውስጥ የሚገኙ በርካታ የጠመንጃ ስሞች የውጭ አገር ስሞች ናቸው። «ውጅግራ» የምንለው እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳዮች የግራ ጠመንጃ ነው። «ስናድር» ደግሞ የአሜሪካዊውን የጄኮብ ስናይደርን ስም ይዞ የቀረ ነው። እንግሊዞች ከ1853 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታጠቁት የነበረው የኤንፊልድ ጠመንጃ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ በኩል በመጎዝጎዣ የሚጠቀጠቅበት ነበር። ስናይደር ያቀረበው መላ የዚህኑ ጠመንጃ የኋላ ክፍል ቆርጦ በቀኝ በኩል ባለ ማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ መግጠም ነበር። እንግሊዞች ይህን በ1866 እ.ኤ.አ. ተቀበሉት። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩስ የነበረ ወታደር አሥር ጊዜ ያህል ለመተኮስ በቃ።

ይህ ጠመንጃ በጦር ሜዳ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ የእኛው አገር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመቅደላ ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር በተዋጋበት ዕለት የእንግሊዝ እግረኛ ወታደሮች የያዙት ስናይደርን ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰሉት ወደ ሃያ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለዚህ ልዩነት ሌሎችም ምክንያቶች ቢኖሩም፣ በአንድ ወገን በአፈሙዝ የሚጎርስ፣ በሌላው ወገን በጀርባው የሚጎርስ ጠመንጃ መኖሩ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የዚህ ልዩነት ቁልፍ ደግሞ ከጠመንጃው ብረት ይልቅ በውስጡ የሚገባው ትንሹ ቀለሃ ነበር።

የአገራችን ሰው የቀለሃን ዋጋ ከዚያ በኋላ በሚገባ አውቆታል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል መኖሩ ይታወቃል።

ቀለሃ ምን ይሠራል?

አብዛኛው ሰው ቀለሃን የባሩድ ዕቃ አድርጎ ይመለከተዋል። ባሩድ መያዙ እርግጥ ነው። ነገር ግን ዋና ሥራው የሚጀምረው ባሩዱ ከተቀጣጠለ በኋላ ነው። በጀርባው የሚከፈት ጠመንጃ ሁሉ በመዝጊያውና በአፈሙዙ መካከል ክፍተት አለው። ያ ክፍተት ካልተደፈነ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይፈነጥቃል። ክፍተቱን የሚደፍነው ቀለሃው ነው። ግፊቱ ሲጨምር የቀለሃው ግድግዳ ተነፍቶ በዙሪያው ካለው የብረት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ አረሩ ከወጣና ግፊቱ ከወደቀ በኋላ ደግሞ መልሶ መጨማደድና መላቀቅ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ቀለሃው ብቻውን ይህን ግፊት ሊሸከም ይችላልን? እናስላው። ለስሌት እንዲቀለን ግፊቱ 100 ሜጋ ፓስካል፣ የቀለሃው ውስጣዊ ሬዲየስ 7.5 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በስስ ቱቦ ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ግፊቱን በሬዲየሱ አባዝተን ለውፍረቱ በማካፈል ይገኛል፤ ይኸውም 1500 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። ጠንካራ የሚባለው ናስ የሚችለው ግን ወደ 400 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀለሃውን ጠመንጃ ሳይደግፈው በሜዳ ላይ ብናቀጣጥለው ከዚህ ግፊት ሩብ ያህል ላይ ሲደርስ ይቀደዳል። ግፊቱን የሚሸከመው ቀለሃው የሚያርፍበት የጠመንጃው ክፍል፣ ማለትም «የጥይት ቤት» ብለን የምንጠራው የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ነው። ናሱ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ብረቱ ጭነት ይሸከማል።

ከዚህ አንድ አስፈላጊ ነገር ይከተላል። ብረቱ ናሱን ያልደገፈበት ስፍራ ሁሉ ደካማ ስፍራ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ናስ ለምን ተመረጠ?

ለቀለሃ የሚሆነው ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። በዚህ መጠን ውስጥ የዚንክ አቶሞች በመዳቡ ክሪስታል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሟሟሉ፤ በዚህም የተነሣ ብረቱ ያለ ስንጥቅ እጅግ ይሳባል። ፋብሪካዎች ከአንድ ክብ የናስ ሰሌዳ ተነሥተው በመጀመሪያ ሲኒ የመሰለ፣ ቀጥሎም በተደጋጋሚ በመሳብ ረጅም ቱቦ የሚያወጡት በዚህ ጠባዩ ነው።

ናስ ሲቀጠቀጥና ሲሳብ ይጠነክራል። ምክንያቱም ብረት የሚለጠጠው በአቶሞቹ አሰላለፍ ውስጥ ያሉ የመስመር ጉድለቶች በክሪስታሉ ውስጥ ሲንሸራተቱ ነው። በቅጥቀጣ ወቅት እነዚህ ጉድለቶች ይበዙና እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ በጠባብ መንገድ ላይ እንደተጨናነቀ የገበያ ሕዝብ አንዱ ሌላውን አላሳልፍ ይላል። ብረቱ በሙቀት ሲግል ግን አዳዲስና ንጹሕ ክሪስታሎች ይወለዳሉ፤ ጥንካሬው ይጠፋል፤ ናሱ እንደገና ልል ይሆናል። ባለእጆች ይህን ከማንኛውም መጽሐፍ በፊት ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። አንድ ብረት ከተለጠጠ በኋላ መልሶ የሚጨማደድበት መጠን፣ የሚችለው ውጥረት ለያንግ ሞዱለስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የናስ ያንግ ሞዱለስ 110 ሺህ ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ፦

• ጠንካራ ናስ፦ 400 ለ110,000 ሲካፈል ከመቶ 0.36 ያህል ይመለሳል፤ በ15 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላይ 0.055 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

• በእሳት የለሰለሰ ናስ (ወደ 100 ሜጋ ፓስካል የሚችል)፦ ከመቶ 0.09 ያህል ይመለሳል፤ ይህም 0.014 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

• የጥይት ቤቱ ብረት ራሱ በ100 ሜጋ ፓስካል ግፊት፣ እንደ ግድግዳው ውፍረት፣ ከመቶ 0.11 ገደማ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ይህም 0.017 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ውድ አንባብያን ሦስቱን ቁጥሮች ያነጻጽሯቸው። ጠንካራው ናስ ከብረቱ አብልጦ ስለሚጨማደድ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ በቀላሉም ይወጣል። የለሰለሰው ናስ ግን ከብረቱ ያነሰ ስለሚጨማደድ ብረቱ ተመልሶ ሲጠብቅ ቀለሃውን አንቆ ይይዘዋል። ሁለቱም ናስ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ልዩነታቸው ባለፉበት የእሳትና የመዶሻ ታሪክ ላይ ብቻ ነው።

የቦክሰር ጥቅል ቀለሃና መዘዙ

አጎታችን ያመጡት አሮጌ ቀለሃ ከአንድ ወጥ ናስ የተሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1866 በዉልዊች የመንግሥት ቤተ ሙከራ የነበሩት ኮሎኔል ቦክሰር የነደፉት ሲሆን፣ ስስ የናስ ቅጠል እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ከብረት መቀመጫ ጋር የተያያዘ ነው። ዘዴው ብልህ ነበር። ጥቅሉ በግፊት ሲፈታ ዲያሜትሩ ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍናል። ለመሥራትም ርካሽ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥቅል ቅጠል ይጎብጣል፣ ይቀደዳል፣ እርጥበት ያስገባል። ይኸው ዓይነት ቀለሃ ስናይደርን በተካው በማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ ላይም ቀጠለ። በጥር 1885 እ.ኤ.አ. በሱዳን በአቡ ክሌአ ጦርነት ላይ በአሸዋና በሙቀት የተነሣ ቀለሃዎች በጥይት ቤት ውስጥ ተቀርቅረው ብዙ ጠመንጃዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለዚህ ጠመንጃ ወጥ ሆኖ የተሳበ የናስ ቀለሃ አወጡ።

«ታዲያ አሮጌውን እንደገና ብንሞላውስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። አንድ ጊዜ የተፈታ ጥቅል ወደ ልኩ አይመለስም። ወጥ የሆነው አሮጌ ናስ እንኳ ሌላ በሽታ አለበት። በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ የነበሩ እንግሊዞች በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቹት ጥይት ሳይነካ ተሰነጣጥቆ ያገኙት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን ምክንያቱን አብራሩ። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ እርጥበቱና ናሱ ሲሳብ በውስጡ የቀረው ውጥረት ሦስቱ ሲገናኙ ናሱ በክሪስታሎቹ ድንበር ላይ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ከጎተራና ከበረት አጠገብ ለአሥርተ ዓመታት የኖረ ጥይት ላዩ ቢያብረቀርቅ እንኳ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም።

ተተኪው ናስ ከየት ይመጣል?

የስናይደር ቀለሃ በብዛት መመረት ካቆመ ቆይቷል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በፈቃድ በተዘጋጁ የተኩስ ሜዳዎች ለመተኮስ ሲፈልጉ ተተኪ ናስ ይፈልጋሉ። በእነርሱ ዘንድ እጅግ የተለመደው ተተኪ የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ባለ 24 ጌጅ የናስ ቀለሃ ነው። የአጎታችንም ባለእጅ ያዘጋጀው ይህንኑ ነው።

ለምን 24? መልሱ አስደሳች ነው። «ጌጅ» ማለት በአንድ ፓውንድ እርሳስ የጠመንጃውን አፍ ልክ የሚሞሉ ስንት ክብ አረሮች ይወጣሉ ማለት ነው። አንድ ፓውንድ 453.6 ግራም ነው፤ ለ24 ሲካፈል 18.9 ግራም ይሆናል። የእርሳስ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.34 ግራም ስለሆነ የአንዱ አረር ይዘት 1.67 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ የሉሉን ዲያሜትር ብናሰላ 14.7 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። የስናይደር አፈሙዝ ደግሞ 0.577 ኢንች፣ ማለትም 14.7 ሚሊ ሜትር ነው! ስለዚህ ሁለቱ ዘመድ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ የአፈሙዛቸው ልክ አንድ ስለሆነ ቀለሃዎቻቸውም ይቀራረባሉ።

ነገር ግን መቀራረብ አንድ መሆን አይደለም። አዋቂዎቹ ሰብሳቢዎች በመጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ በጥይት ቤቱ ውስጥ አፍስሰው ሲረጋ በማውጣት ትክክለኛውን ቅርጽ ይለካሉ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ እኩል አይሆኑም። ጠመንጃውንም ራሱን ያስመረምራሉ። በእንግሊዝ አገር በለንደንና በበርሚንግሃም ይህንኑ የሚሠሩ የጠመንጃ መፈተሻ ቤቶች አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ናሱን የሚነኩት።

በቤተ ሙከራ ያገኘነው

የመጀመሪያው ልኬታችን የከንፈሩ ውፍረት ነበር። ከንፈር የምንለው በቀለሃው መቀመጫ ዙሪያ ወደ ውጭ የወጣውን ጠርዝ ነው። ቀለሃው ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያቆመው ይህ ጠርዝ ነው። የባለእጁ ቀለሃ ከንፈር ተሞርዶ ስለነበር ከአሮጌው ይልቅ በ0.6 ሚሊ ሜትር ሳስቶ አገኘነው። «ሰተት ብሎ ገብቷል» የተባለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

0.6 ሚሊ ሜትር ምንድን ነው ሊባል ይችላል። ሲተኮስ የሚሆነውን እናስብ። የቀለሃው የፊት ግድግዳ በግፊት ተነፍቶ ከጥይት ቤቱ ጋር ይጣበቃል። መቀመጫው ግን ከኋላው ክፍተት ስላለ ወደ መዝጊያው ይገፋል። የሚገፋው ኃይል ግፊቱ በመቀመጫው ስፋት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በ100 ሜጋ ፓስካልና በ7.5 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ወደ 17,700 ኒውተን ይደርሳል፤ ይህም የ1.8 ቶን ክብደት ያህል ነው። ፊቱ ተይዞ ጀርባው በዚህ ኃይል የሚጎተት ስስ ቱቦ ከከንፈሩ ከፍ ብሎ ባለው ስፍራ ይለጠጣል፤ ሊበጠስም ይችላል። ቀደም ሲል ብረቱ ያልደገፈው ስፍራ ደካማ ነው ያልነው ይህንኑ ነው። ናሱ በዚያ ከተቀደደ ጋዙ በቀኝ በኩል በሚታጠፈው መዝጊያ ሥር ወጥቶ ተኳሹንና በአጠገቡ የቆመውን ያገኛል።

ሁለተኛው ልኬት ጥንካሬ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም። አንድ የብረት ኳስ በተመሳሳይ ኃይል በሞርሳ ውስጥ በሁለቱ አዳዲስ ቀለሃዎች መቀመጫ ላይ ተጫንን፤ ከዚያም ኳሱ የተወውን ጉድጓድ ስፋት በአጉሊ መነጽር ለካን። ባልተነካው ቀለሃ ላይ ጉድጓዱ ጠባብ ነበር። በባለእጁ ቀለሃ ላይ ግን ጉድጓዱ በግልጽ ሰፍቶ ታየ። ባለእጁ ናሱን ለማስፋት እንዲመቸው ቀለሃውን ከአፉ እስከ መቀመጫው ድረስ እሳት ውስጥ ከቶት ነበር።

በባለእጁ ላይ አንፈርድም። ለጌጥ ወይም ለቤት ዕቃ ቢሆን ኖሮ ሥራው የሚመሰገን ነበር። ቀለሃ ግን በአንድ አካል ላይ ሁለት ጠባይ የሚፈልግ ዕቃ ነው። አፉ ያለ ስንጥቅ እንዲሰፋ ልል፣ መቀመጫው እንዳይነፋ ጠንካራ መሆን አለበት። ናስ ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚያስተላልፍ በአፉ ላይ የተለኮሰ እሳት በሰከንዶች ውስጥ መቀመጫው ይደርሳል። ስለዚህ አዋቂዎቹ መቀመጫውን ውኃ ውስጥ አቁመው አፉን ብቻ ያግላሉ። ከመጠን በላይ ሲግል ደግሞ ክሪስታሎቹ ይገዝፋሉ፤ ዚንኩም በ907 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላ በመሆኑ ከላዩ መትነን ይጀምራል። አንድ ጊዜ የለሰለሰ መቀመጫ ደግሞ እንደገና ካልተቀጠቀጠ በቀር በምንም እሳት አይጠነክርም።

የባሩዱ ነገር

ከሁሉ ያስደነገጠን ግን የመጨረሻው ጥያቄያችን መልስ ነበር። «ባሩዱንስ ከየት ያገኛሉ?» አልናቸው። «ከአዲስ ጥይት ላይ ይፈታል፤ ያው ባሩድ አይደለም?» አሉን።

ያው አይደለም። ስናይደር የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ይኸውም ከመቶው 75 እጅ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። በዚህ ጠመንጃ ውስጥ 4.5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ 31 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ ወደ 380 ሜትር ፍጥነት ይወረውራል። የእርሳሱ የእንቅስቃሴ ጉልበት 2,240 ጁል ገደማ ነው። ባሩዱ ሲቃጠል የሚሰጠው በኪሎ ግራም ወደ 3 ሜጋ ጁል ስለሆነ በጠቅላላው 13,500 ጁል ያህል ይወጣል። ከዚህ ለአረሩ የሚደርሰው ከመቶ 17 እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት፣ ድምፅና ጭስ ይሆናል። ከባሩዱ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጠጣር ቅሪት ስለሚለወጥ ጭሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እርጥበት የሚስበው ቅሪትም በአፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ብረቱን ያዝገዋል።

ጥቁር ባሩድ ደካማ ቢሆንም አንድ መልካም ጠባይ አለው። ግፊቱ ሲጨምር የመቃጠሉ ፍጥነት የሚጨምረው በመጠኑ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ግፊቱ ባደገ ቁጥር ፍጥነቱ ከግፊቱ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መጠን ያድጋል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ያሳድገዋል። አንዱ ሌላውን የሚያባብስ ዑደት ነው። ለዚህ ዑደት በተሠራ ብረትና በተመዘነ ልክ ካልሆነ በቀር ማቆሚያ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ስናይደሮች አፈሙዝ ደግሞ ከዛሬው ፌሮ ይልቅ ለስላሳ ብረት ነበር። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የቆየ ዝገት በውስጡ የቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ውጥረት የሚሰበሰብበት ነጥብ ነው። በዓይን ልክ የፈሰሰ ጭስ አልባ ባሩድ፣ የሳሳ ከንፈር፣ የለሰለሰ መቀመጫና የቆረፈደ አፈሙዝ አራቱ በአንድ ጠመንጃ ተገናኝተው ነበር። ከአራቱ አንዱ ብቻ ለአደጋ ይበቃል።

ማጠቃለያ

አጎታችንን ወደ ቤተ ሙከራ ጠርተን ሁለቱን ጉድጓዶች በአጉሊ መነጽር አሳየናቸው። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ተመለከቱ። «ይኼ ሰፊው የእኔው ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎን ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አልናቸው። ቀና ብለው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው» አሉና ቀለሃውን በጠረጴዛው ላይ ተዉት።

ከላይ ለመግለጽ እንደሞከርነው አንድ ቀለሃ በጥይት ቤት ውስጥ መግባቱ የሚነግረን ስለ ቅርጹ ብቻ ነው፤ ያውም በከፊል። ስለ ጥንካሬው፣ ስላለፈበት እሳት፣ ስለሚሸከመው ግፊት የሚነግረን ነገር የለም። እነዚህን የሚገልጸው ልኬት ነው። ተተኪ ናስ ተገቢው መሣሪያ፣ ዕውቀትና ፈቃድ ባላቸው ሰዎች እጅ እንደሚሠራ አይተናል። በባለእጅ ወናፍና በዓይን ልክ ግን የሚሞከር አይደለም። በአገራችንም የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚመራ መሆኑን አንባብያን ሊዘነጉት አይገባም። በየቤቱ የሚገኝ አሮጌ ጥይትም የሚፈታ፣ የሚቀጠቀጥ ወይም ለልጆች መጫወቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ሳይነካ ለሚመለከተው የጸጥታ አካል ማመልከት ይገባል።

ስናድሩ ግን ሳይተኩስም ታሪክ አለው። ከእርጥበት መጠበቅ፣ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ስስ ዘይት መቀባት ለሌላ መቶ ዓመት ያቆየዋል። የሙት ዓመቱ ዕለት እኛም በስፍራው ተገኝተን ነበር። አጎታችን ጠመንጃውን ወልውለው መዝጊያውን ክፍት እንደሆነ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ተኩስ አልነበረም፤ ማንም አልጠየቀም። ከምግቡ በኋላ ሽማግሌዎቹ በሥሩ ተቀምጠው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ እስኪመሽ ሲያወሩ አመሹ።

የባለእጁ ቀለሃ ዛሬም በቢሯችን ጠረጴዛ ላይ አለ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ስለ ውጥረትና ስለ መለጠጥ መማር ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሚለኩት እርሱን ነው።